ትንፋሽ በባትሪ

ቀን 1፣ ሰኞ

ካምፑ ተተከለ። ስድስት ሰው፣ አምስት ድንኳን፣ አንድ ፒክአፕ፣ አንድ ጄኔሬተር። የውሃ መስመሩን ከምንጩ እስከ ማጠራቀሚያው ድረስ በአርባ አምስት ቀን ቀይሰን መጨረስ አለብን። ሠላሳ ዓመት ስሠራው የኖርኩት ሥራ ነው፤ አያስፈራኝም። የሚያስፈራኝ ድንኳኔ ውስጥ በሹራብ ጠቅልዬ የደበቅሁት ዕቃ ነው።

ሐኪሙ ሲፓፕ ይለዋል። እኔ ዝሆኑ ነው የምለው፣ ኩምቢ ስላለው። እንቅልፍ ሲወስደኝ ጉሮሮዬ ይዘጋል፤ በሰዓት አርባ ጊዜ ትንፋሼ ይቆማል አሉ። ስለዚህ ይሄ ሣጥን ሌሊቱን ሙሉ በጎማ ቱቦ አየር እየነፋ አፍንጫዬ ላይ የተለጎመ ጭንብል ውስጥ ያስገባልኛል። ባለቤቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ሃያ ሁለት ዓመት አጠገቤ ሲተኛ አንድም ቀን አላማረረም። ለሐኪሙ ይህን በኩራት ነገርኩት። በኋላ ነው ትዝ ያለኝ፦ ሰውዬው አንድ ጆሮው አይሰማም ነበር፤ ሁልጊዜ በደህናው ጆሮው ላይ ተጋድሞ ነበር የሚተኛው።

ቢሮ ቢሰማ አለቀልኝ። አምና የቅየሳ መሣሪያው ላይ ቆሜ እንቅልፍ ወስዶኝ የተሳሳተ ቁጥር መዝግቤያለሁ። ያየኝ አብሮኝ የሚሠራው ወጣት ቀያሽ ነው፤ ምሩቁ እንለዋለን፣ ሁለት ዲግሪ ስላለው። ቁጥሩን በትህትና አስተካከለልኝ። ትህትናው ነው ይበልጥ ያስጠላኝ። ዘንድሮ አንድ ነገር ከተሰማብኝ እሱን ሜዳ ላይ፣ እኔን ወንበር ላይ ያስቀምጡናል። ቢሮ ውስጥ ደግሞ ሰው አይሠራም፤ ይሻግታል።

ጄኔሬተሩ ከምሽቱ አሥራ ሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ብቻ ነው የሚሠራው። መሰኪያው ያለው ሁሉም በሚበላበት ድንኳን ውስጥ ነው፤ እዚያ አምጥቼ አልሰካውም። ልጄ የገዛችልኝ የባትሪ ሣጥን አለ፤ ቀን በፀሐይ ይሞላል። አራት አረንጓዴ መብራቶች አሉት። አራቱም በርተዋል። እንግዲህ እናያለን።

ቀን 2፣ ማክሰኞ

ባትሪው ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ቀጥ አለ። ጭንብሉ ፊቴ ላይ እንደተለጎመ አየር አጥቼ ብንን አልኩ። ሰው አፌን በትራስ የያዘኝ መስሎኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብዬ አነጋሁ። ጉንጬ ላይ የማሰሪያው ሰንበር ወጥቷል። ምግብ አብሳያችን «ኢንጂነር፣ ትራስዎ ቆረቆረዎት እንዴ?» አለችኝ። አዎ አልኳት። እየሄድኩ ነው፤ እየጠበቁኝ ነው።

ቀን 4፣ ሐሙስ

ስለ ጭንብሉ ልጻፍ፤ ለሌላ ለማንም አልነግረውምና።

ጠዋት ሲወልቅ የሚሸተው ሽታ! የራሴ ምራቅ፣ የራሴ ላብ፣ የራሴ ያደረ ትንፋሽ፣ ላስቲክ ላይ ተቀቅሎ። በሳሙና አጥበዋለሁ፣ ማታ ስለብሰው ያው ነው። ማሽኑ ውስጥ አየሩ እንዳይደርቅ ውሃ የሚያሞቅ ትንሽ ጎድጓዳ ነገር አለ። ሌሊት ብርዱ ሲበረታ እንፋሎቱ ቱቦው ውስጥ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ ቁልቁል ይንጠባጠብና አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል። ትናንት ሌሊት የራሴን ለብ ያለ እንፋሎት ጠጣሁት። ኤዲያ! ቋቅ አለኝ።

ልጄ ከሣጥኑ ጋር ብጣሽ ወረቀት ከታልኛለች። «እማ፣ ካምፕ ውስጥ የውሃውን ማሞቂያ አጥፊው። ባትሪውን የሚበላው እሱ ነው። ትንሽ ይደርቅሻል፣ ታገሺው» ይላል። አንድ ሌሊት ቤት ሞክሬው አፌ ውስጥ የጫማ ሶል ያደረ ነው የመሰለኝ። ታገሺው! እሷ ስታለቅስ ታገሺ ማለት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አሁን ወረቀት ላይ ጽፋ ታስታግሠኛለች። ወረቀቱን አጣጥፌ ይዣቸው በመጣኋቸው መጻሕፍት መሃል ወተፍኩት።

ይሄን ለማሳመር አልጽፍም፦ ሰውነቴ አስጠልቶኛል። ሃምሳ አራት ዓመት ሳይከፈለው የሠራ ጉሮሮ በመጨረሻ ሰዓት ያምፃል?

ቀን 6፣ ቅዳሜ

ሦስተኛ ቀን ደመና። ከአራቱ መብራቶች የሞላው አንድ ብቻ። ሌሊት ሁለት ሰዓት ብቻ ተኛሁ፤ የቀረውን ተቀምጬ እያንቀላፋሁ አነጋሁ።

ዛሬ መሣሪያው ላይ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ዓይኔ ተከደነ። ስገልጠው ምሩቁ እያየኝ ነበር። ወዲያው ፊቱን ወደ ደብተሩ መለሰ። «ንባቡን ልድገመው ኢንጂነር?» አለኝ። «ቁጥር አይደገምም፣ አንዴ በትክክል ይነበባል» አልኩት። መለኪያ ዘንግ የሚይዙልን ሁለቱ ልጆች ሳቁ። ዘመድ አይደሉም፣ ግን አብረው ስለሚበሉ፣ አብረው ስለሚሳደቡ መንትዮቹ ነው የምንላቸው። በእኔ ይሁን በእሱ የሳቁት አላውቅም።

ቀን 8፣ ሰኞ

መላ ተገኘ።

ከፒክአፑ ኋላ፣ ጭነቱ ላይ፣ የመለኪያ መሣሪያዎችን ለመሙላት የተገጠመች መሰኪያ አለች። ቀጥታ ከመኪናው ባትሪ ነው የምትሠራው፤ ቁልፍ አያስፈልጋትም። የዝሆኑ ገመድ ደግሞ ይገጥምላታል። ቀን ሁሉም ምሳ ላይ ሳሉ ሞክሬው ማሽኑ ሲነፋ ሰማሁት። ልቤ እንደ ሌባ ልብ ይመታ ነበር። ለምን እንደ ሌባ? መሰኪያዋ የቡድኑ ናት፤ የቡድኑ መሪ እኔ ነኝ።

ችግሩ ገመዱ አጭር ነው፤ መኪናው ድንኳኔ አጠገብ ማደር አለበት። ሾፌሩ ደግሞ ከካምፑ ጫፍ፣ አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አዙሮ ነው የሚያቆመው። እሱ ራሱ ጋቢናው ውስጥ ነው የሚተኛው፤ ድንኳን አልፈልግም ብሎ።

ጠርቼ ነገርኩት። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አጠገቤ ታቆማለህ። መሣሪያ እንዳይሰረቅ።»

አንገቱን አከከ። «ኢንጂነር፣ እዚህ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ መኪና ቁልቁል እያየ ነው የሚያድረው። እምቢ ካለ ተንከባሎ ይነሳል። ሌላ የሚጎትት መኪና የለንም።»

«ለምንድነው እምቢ የሚለው?»

«አይ፣ መኪና ነዋ» አለ።

«ነገ ይነሳል አይነሳም እያልክ አታስጨንቀኝ። እዚህ አቁም።»

አቆመ። እንዲህ ዓይነት ሰው ያስጠላኛል፤ ሁሉን ነገር ሲጠረጥር የሚኖር። ጥርሱ ላይ ሁልጊዜ የክብሪት እንጨት አለች፤ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ጥግ ያንከባልላታል። ሳየው ያመኛል።

ቀን 9፣ ማክሰኞ

ሰባት ሰዓት ተኛሁ! ሰባት! የሣጥኑ ባትሪ እስኪያልቅ በእሱ፣ ከዚያ ገመዱን በድንኳኑ ሥር አሾልኬ በመኪናው። ሳይነጋ ነቅዬ ጠቅልዬ ደበቅሁ። ዛሬ አሥራ አራት ነጥብ ለካን። ምሩቁ ደከመው፤ እኔ አልደከመኝም። ደስ አለኝ ብል ውሸት አይሆንም።

ቀን 11፣ ሐሙስ

ራት ላይ አንደኛው መንታ «ሌሊት ሌሊት ካምፑ ውስጥ እስስስስ የሚል ነገር ሰምታችኋል?» አለ። የሾርባ ማንኪያው አፌ ላይ ቀረ።

«እባብ ነው» አለች ምግብ አብሳይዋ፤ ራሷ ደንገጥ ብላ። «እንጨቱ ክምር ውስጥ የገባ እንደሆነስ?»

«እባብ ሌሊቱን ሙሉ ሳያቋርጥ እስስስ ይላል?» አለ ምሩቁ። «ሞተር ነው የሚመስለው።»

ሾፌሩ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። «ነፋስ ነው። የመኪናው ሸራ ላይ ሲነፍስ እንደዚያ ይላል። እዚያው ነው የምተኛው፣ ዝም ብላችሁ ብሉ።»

ዝም ብለው በሉ። ነፋስ አይነፍስም ነበር እኮ። ያን ያህል ነው የሚያውቀው፤ የነፋስና የማሽን ድምፅ እንኳ የማይለይ ሰው ሕይወታችንን ይዞ ይነዳል።

ቀን 12፣ ዓርብ

ዛሬ ደግሞ አዲስ ጣጣ። ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሾፌሩ ሞተር አስነሳ። የሚሄድበት የለም። ዝም ብሎ አስነስቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲያንተከትከው። ዝሆኑ አየር የሚስበው ከድንኳኑ ውስጥ ነው፤ ድንኳኑ ደግሞ የጭስ ማውጫው አፍ ላይ ነው ያለው። ተኝቼ ናፍጣ ተጋትኩ። ተነስቼ ከድንኳኑ ኋላ አስመለሰኝ። ሾርባው፣ ምስሩ፣ ምኑ ምኑ። ፊቴን ስታጠብ እጄ ናፍጣ ይሸት ነበር፤ ሻዩ ናፍጣ ይሸት ነበር።

ትናንትም ከትናንት ወዲያም ያስነሳው እንደነበር አሁን ነው ትዝ ያለኝ። በእንቅልፍ ልቤ ሰምቼዋለሁ።

ቀን 14፣ እሑድ

ትዕግሥቴ አለቀ። ከድንኳን ወጥቼ የጋቢናውን መስታወት በጥፊ መታሁት።

«ምን ልታደርግ ነው በዚህ ሰዓት ሞተር የምታስነሳው?»

«ትንሽ ላሙቀው ብዬ ነው፣ ኢንጂነር።»

«ምኑን? መኪናው ብርድ መታው?»

ዝቅ ብሎ ወደ ድንኳኔ ሥር አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ። «ባትሪው እንዳይወርድ ነው» አለ ቀስ ብሎ።

«ሬዲዮህን ቀንስ፣ አይወርድም። ናፍጣው የአባትህ አይደለም። ከነገ ጀምሮ ያለ እኔ ፈቃድ ቁልፍ እንዳታዞር። ሰማህ?»

«ሰምቻለሁ።»

ሁሉም ከየድንኳኑ አንገቱን አውጥቶ ሲያይ ነበር። ደህና፤ ይዩ። ወደ ኋላ ስመለስ የገመዱ ጫፍ ከሸራው ሥር አንድ ክንድ ወጥቶ ጠል ላይ ተጋድሟል። በእግሬ ወደ ውስጥ ገፋሁት። አላየውም። ያየው አይመስለኝም። ቢያየውም ገመድ መሆኑን እንጂ የምን እንደሆነ አያውቅም።

ቀን 15፣ ሰኞ

ጭስ የለም። ሰላም። መኪናው ግን ጠዋት ስንወጣ እያቃሰተ፣ በሦስተኛው ነው የተነሳው። ሾፌሩ የክብሪት እንጨቱን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው አንከባለላት። ዝናብ ሊመጣ ነው፤ መስመሩ ገና ግማሽ ነው።

ቀን 16፣ ማክሰኞ

ጠዋት። ምግብ አብሳይዋን እባብ ነደፋት። ቀኝ እጇን። መኪናው አይነሳም። እየገፉ ነው።

(ማታ)

ቁጭ ብዬ ልጻፈው፣ ካልጻፍኩት አልተኛም። ብጽፈውም የምተኛ አይመስለኝም።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው የጮኸችው። ለሻይ እንጨት ልታወጣ እጇን ክምሩ ውስጥ ሰድዳ። ስደርስ እጇን በሌላው እጇ ይዛ መሬት ላይ ተቀምጣ ነበር፣ «ምንም አይደለም፣ ምንም አይደለም» እያለች። በዓይናችን እያየነው ጣቷ ጠቆረ። ጤና ጣቢያው በመኪና ሦስት ሰዓት ነው።

ሾፌሩ ቁልፉን አዞረ። ቀጭ። ደግሞ አዞረ። ቀጭ። ሌላ ድምፅ የለም። ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦ መሬቱ ጭቃ ነው። እስከ ቁልቁለቱ ስልሳ እርምጃ ቢሆን ነው፤ ድሮ ያቆምበት የነበረው ቦታ ድረስ ማለት ነው። እኔ፣ ምሩቁ፣ መንትዮቹ ገፋን። ጎማው ይሰምጣል፣ እንቆፍራለን፣ ድንጋይ እንጥላለን፣ እንገፋለን፣ ይሰምጣል። ሴትዮዋ ጋቢና ውስጥ ሆና ታስመልስ ነበር። ሁለት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። ቁልቁለቱ ላይ ሲደርስ ተንከባለለና በአንዴ ተነሳ። ተንከባሎ ይነሳል ብሎ ነበር።

ሾፌሩና ምሩቁ ይዘዋት ሄዱ። አንደኛው መንታ ጭቃውን ከፊቱ እየጠረገ «ሌሊት ሬዲዮ ሲሰማ አድሮ ነው፣ ይሄ ቀጣፊ» አለ። ሌላው «መብራቱንም አላጠፋው ይሆናል» አለ።

የያዝኩትን ድንጋይ ጣልኩት። ከዚያ «ቸልተኝነት ነው» አልኩ። አፌ ራሱ ነው ያለው።

ቀን 17፣ ረቡዕ

ገመዱ የለም።

ድንኳኑን ገለባበጥኩት። ትናንት ስትጮህ ሳልነቅለው ነው የሮጥኩት። ስንገፋ መኪናው ላይ ተሰክቶ ነበር ማለት ነው። ማን ነቀለው? ጭቃው ውስጥ ፈለግሁ፤ በጎማው ፋና ተንበርክኬ በእጄ ዳበስኩ። ጥፍሬ ሥር የገባው ጭቃ እስካሁን አልወጣም። ምሩቁ ነው የወሰደው። እሱ ነው። ለቢሮ ማስረጃ ይዞ ሊቀርብ።

ቀን 19፣ ዓርብ

ተመለሱ፤ ያለ እሷ። ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል ልከዋት ሁለት ጣቷን ቆርጠዋል። ትተርፋለች።

ምሩቁ ነው የነገረኝ፣ ቆሞ፣ ባርኔጣውን ይዞ። «ሐኪሙ ሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ቢሆን ጣቷ ይተርፍ ነበር አለ።» ከዚያ አየኝ። ስለ ገመዱ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ይጠብቀኛል።

ሾፌሩ መኪናውን ያቆመው አፍንጫውን ወደ ቁልቁለቱ አድርጎ ነው። ማንንም አልጠየቀም። እኔም አላዘዝኩትም።

ቀን 20፣ ቅዳሜ

ስልክ የሚይዘው ጉብታው ላይ ብቻ ነው። ወጥቼ ለሥራ አስኪያጁ ደወልኩ። ከጀማሪነታችን ጀምሮ ነው የምንተዋወቀው። «መኪናው ለምን አልነሳም?» አለኝ።

«ባትሪው አልቆ።»

«እንዴት አለቀ?»

«ሾፌሩ ጋቢና ውስጥ ነው የሚያድረው። ሬዲዮ አለው» አልኩ። ሁለቱም እውነት ናቸው። ጋቢና ውስጥ ያድራል። ሬዲዮ አለው።

«በቃ ጻፊልኝ። ማክሰኞ ስንቅ ከሚያመጣው መኪና ጋር ሌላ ሾፌር እልካለሁ፣ የአሁኑን ሾፌር ደብዳቤውን አስይዘሽ መልሺልኝ።»

አሁን ጻፍኩት። አንድ ገጽ ነው። «ከቡድን መሪዋ በተደጋጋሚ ማስጠንቀቂያ እየተሰጠው» ይላል። «በቸልተኝነት» ይላል። የእጅ ጽሑፌ እንዲህ አምሮ አያውቅም። አንዲት የውሸት ቁጥር መዝግቤ አላውቅም በሠላሳ ዓመት፤ ስሳሳት እንጂ። ይሄም ውሸት ነው አልልም። ያልተጻፈ ነገር አለ እንጂ የተጻፈው ሁሉ ደርሷል።

የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ትል ነበር እናቴ። ዛሬ ለምን ትዝ እንዳለችኝ አላውቅም።

ቀን 22፣ ሰኞ

ያለ ገመድ ግማሽ ሌሊት። ራስ ምታት። ምግቡን መንትዮቹ ናቸው የሚሠሩት፤ ሩዙ ከታች አሮ ከላይ ጥሬ ነው። የምግብ አብሳይዋ ሽርጥ ምሰሶው ላይ እንደተሰቀለ ነው። የሚያወርደው ጠፋ። እኔም አላወረድኩትም።

ቀን 23፣ ማክሰኞ

የስንቁ መኪና ሁለት ሰዓት ላይ መጣ። ደብዳቤውን አሽጌ ለሾፌሩ ሰጠሁት። በሁለት እጁ ተቀብሎ ደረት ኪሱ ከተተው። ሄደ ብዬ ፊቴን ሳዞር ድንኳኔ ደጃፍ ላይ ቆሞ አገኘሁት፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ይዞ።

«ኢንጂነር፣ ይሄ የእርስዎ ነው።»

ገመዱ ነበር። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በክር ታስሮ።

«ያን ዕለት ልጆቹ እንዳያዩት ብዬ ነቅዬ ከወንበሩ ሥር ጣልኩት። ጭቃ በልቶት ስለነበር ትናንት አጠብኩት።»

አልጋው ላይ ተቀመጥኩ። «ታውቅ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

አንገቱን አከከ። «ምን ልበልዎት? አለቃዬ ነዎት፣ ሴት ወይዘሮ ነዎት። ያንኮራፋሉ ልበልዎት?» ትንሽ ፈገግ አለ፤ ከዚያ ተወው። «ማንኮራፋቱ አይደለም። የመጀመሪያዎቹ ሌሊቶች፣ ያ ዕቃዎ ሲጠፋ፣ ዝም ይላሉ። ትንፋሽዎ ይቆማል። ሌሊቱ ጭር ሲል እኔ እዚያ ጫፍ ድረስ ይሰማኛል። እናቴም እንደዚያ ነበረች። እቆጥራለሁ። ሃያ፣ ሠላሳ። አንድ ሌሊት አርባ ስደርስ በር ከፍቼ ልመጣ ስል ነው የተመለሰልዎት። መኪናው አጠገብዎ ከሆነ ወዲህ ግን እስስስ ሲል እተኛለሁ።»

«ሞተሩንስ?»

«ሌሊት የወሰዱትን ንጋት ላይ እመልስ ነበር። ሌላ ምን ያሞቃል ሰው።»

ለመሄድ ቸኩሏል፤ ያስጨነቀው ሌላ ነገር ነበር። «የመጣው ልጅ እንቅልፋም ነው፣ ሲነጋ አይነሳም። ስለዚህ እርስዎ ራስዎ ያስነሱት። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ፣ አንድ ሰዓት ያህል። ጭሱ እንዳይገባብዎ የጭስ ማውጫው ላይ ቱቦ ቀጥዬ ወደዚያ አዙሬዋለሁ። ያን ዕለት ሲያስመልስዎ ሰምቼ ነው፤ ሳልሠራው ከለከሉኝ።»

«ደህና ይዋሉ» ብሎ ሄደ። ስለ ደብዳቤው አልጠየቀኝም።

ምን ያህል እንደተቀመጥኩ አላውቅም። አፌ ውስጥ የቱቦው ውሃ ጣዕም ነበር፣ ያ ለብ ያለው። ጭንብሉን ስጸየፍ፣ ክብሪት እንጨቱን ስጸየፍ፣ የምሩቁን ትህትና ስጸየፍ ነው የከረምኩት። የሚሸተው ነገር እኔ ነኝ። ይኸው ጻፍኩት።

ተነስቼ ወደ ጉብታው ሮጥኩ። ሮጥኩ ማለት፣ ሃያ እርምጃ ሄጄ ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ አለከለክኩ፣ እንደገና ሃያ። የስንቁ መኪና ከታች በጭቃው ትንሽ ሆኖ ይታየኝ ነበር። ሳይመሽ ቢሮ ይደርሳል፤ ደብዳቤው ደረት ኪሱ ውስጥ ነው።

«ሃሎ? ባትሪውን የጨረስኩት እኔ ነኝ።»

«ምን? አይሰማም፣ ይቆራረጣል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ጮክ በይ!»

«የመኪናውን ባትሪ! እኔ ነኝ የጨረስኩት!»

«ማን?»

«እኔ!»

«በምን?»

ከታች መስመሩ ላይ ምሩቁና መንትዮቹ መለኪያውን ይዘው ቆመዋል። ያ ጉብታ ድምፅ ያወርዳል፤ ስንት ጊዜ ከዚያ ላይ ሆኜ ቁጥር ጮኬላቸዋለሁ።

«በመተንፈሻ ማሽን!» አልኩ። «ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል! ሌሊት ሌሊት ከመኪናው እየሰረቅሁ ነው የተኛሁት! ሜዳ ላይ እንዲያቆም ያዘዝኩት እኔ! ሞተር እንዳያስነሳ የከለከልኩት እኔ! የሴትዮዋ ጣት በእኔ ነው የተቆረጠው! ያን ደብዳቤ እንዳትከፍተው፣ ውሸት ነው!»

ከታች ሦስቱም ቀና ብለው አዩኝ። መለኪያ ዘንጉ ዘንበል ብሎ ቀረ።

የተቋረጠ መስሎኝ እንደገና ልጮህ ስል «ሰምቻለሁ» አለ። «አሁን ሰምቻለሁ። ሾፌሩ ሥራው ላይ ይቆያል። አንቺ ግን ቅዳሜ ትመለሻለሽ። ምሩቁ ይጨርሰው።»

«እሺ» አልኩ።

ወረድኩ። ምሩቁ ውሃ ሰጠኝ። በትህትና ነው የሰጠኝ፣ ጠጣሁት።

ቀን 24፣ ረቡዕ

ትናንት ከሰዓት ፀሐይ ወጥታ ነበር። ማታ ደግሞ የባትሪ ሣጥኑን ተሸክሜ መብል ድንኳኑ ውስጥ ገባሁና በሁሉም ፊት ጄኔሬተሩ ላይ ሰካሁት። አንደኛው መንታ «እባቡ ይሄ ነው እንዴ?» አለ። ሌላው በክርኑ ጎሰመው። «ይሄ ነው» አልኩ። የምግብ አብሳይዋን ሽርጥ አውርጄ አጠብኩት። ሆስፒታል እወስድላታለሁ፤ ምን ብዬ እንደምሰጣት ገና አላውቅም።

የመኪናውን ገመድ አልሰካሁትም። የልጄን ወረቀት ከመጻሕፍቱ መሃል አወጣሁና እንዳለችው የውሃውን ማሞቂያ አጥፍቼ ተኛሁ።

ያስጠላል። አፌ ደረቀ፣ አፍንጫዬ ተቃጠለ፣ ጉሮሮዬ ውስጥ አቧራ ያደረ ይመስላል። ሁለቴ ተነስቼ ውሃ ጠጣሁ፣ ሁለቴም ተመልሼ ተኛሁ። ግን ይቻላል። ሰው ይችለዋል።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነቃሁ። ዝሆኑ አሁንም ይነፋ ነበር። እጄን ዘርግቼ ሣጥኑን ወደ እኔ አዞርኩት። ከአራቱ መብራቶች ሁለቱ አልጠፉም።